ደህና አድሬያለሁ የሚለው ስልክ

መስከረም 14

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎና ሥራዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና እማማ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ቤቱም ደህና ነው። ባለ ታክሲው ተከራያችን ኮንትራትም ደህና ነው፤ ታክሲው ብቻ እንደ ልማዱ ጠዋት ጠዋት አልነሳም እያለ ሰፈሩን ሁሉ ያስገፋናል።

ስልኩ ደረሰ! ካርቶኑን ከፍቼ ሳየው ጮህኩ። እማማ «ደግሞ ምን ሰበርሽ?» እያሉ ከመኝታ ቤት ወጡ። አልሰበርኩም፤ ፈታሁት እንጂ። መፍቻ ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ለመፍቻ ምረቃ የሚፈታ ስልክ ከላኩ በኋላ ሌላ ምን ይጠብቃሉ? የጀርባው ክዳን በጥፍር ይነሳል። ባትሪው፣ ካሜራው፣ ስፒከሩ፣ ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ሳይቀር በብሎን የታሰረ ነው፤ ካሜራውን የያዙት ሁለት ብሎኖች ብቻ ናቸው፤ ሙጫ የሚባል ነገር አልነካውም። ኤሌክትሮኒክስ ስማር ሥዕሉን እንጂ ሆዱን አይቼው የማላውቀውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቁርሴን ረሳሁ። ውስጡም እንደ ውጪው ነው፤ የማይፈልጉትን አውጥተው የሚፈልጉትን ይጭኑበታል። «አይቻልም» የሚል ጽሑፍ ገና አላጋጠመኝም።

አሁን አይቆጡኝ፤ ለራሴ አላደረግኩትም። ለእማማ አደረግኩት። ዕድሜ ልካቸውን የመሥሪያ ቤት ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጠው፣ ገመድ እየነቀሉ ገመድ እየሰኩ «ተገናኝተዋል፤ ይቀጥሉ» ሲሉ የኖሩ ሴት፣ ዛሬ ስክሪን ላይ ጣታቸው መንገድ ይጠፋበታል። ዓይናቸው ትንሽ ደከም ብሏል፤ የዕድሜ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ለሁለት ብቻ ከፈልኩት። ላይኛው ግማሽ እርስዎ ነዎት፣ ታችኛው ግማሽ እኔ ነኝ። ስም የለ፣ ቁጥር የለ፣ ፊደል የለ። የቁጥሩን ገጽ ጭራሽ አጠፋሁት፤ በስህተት እየነኩ የማያውቁትን ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቅሱ ነበር። የጎኑን ቁልፍ ሲጫኑ ሰዓቱን ይናገራል። የሚናገረው ደግሞ በእኔ ድምፅ ነው፤ እያንዳንዱን ሰዓት ቁጭ ብዬ ቀዳሁት።

የምኮራበትን ለመጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። ስልኩ ሌሊት መቆሚያው ላይ ቻርጅ ያደርጋል። ጠዋት እማማ ሲያነሱት ራሱ «ደህና አድሬያለሁ» ብሎ ለእርስዎም ለእኔም ይጽፋል። እሳቸው ምንም አይነኩም። የሰፈራችን የአረጋውያን መዋያ ኃላፊ ይህን ስነግራት ብድግ አለች፤ «አስተካክለሽ ስትጨርሺ አምጥተሽ አሳዪን፣ ለሁሉም ሽማግሌዎቻችን እናሠራለን» አለችኝ። ጋሼ፣ ሥራ ፈላጊ መባሌ ሊያበቃ ነው!

በስልክ እያወራን ደብዳቤ ለምን እንደሚሉ አልጠይቅዎም፤ ገብቶኛል። እማማ ስፒከሩን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ ከእርስዎ ጋር ብቻዬን የማወራበት መስመር ይኸው ወረቀት ብቻ ነው።

ፈጣሪ በሄዱበት ሁሉ ይቅደምዎ።

የእህትዎ ልጅ መፍቻ


ጥቅምት 9

ይድረስ ለምወድሽ መፍቻ፣

እንደምን አለሽ? ናፍቆቴ ከሰላምታዬ ይበልጣል። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ጽሑፌ ቢጣመም ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው፤ እኛ ሊፍት ጠጋኞች ጠረጴዛ የለንም፣ ቁም ሣጥንና አግዳሚ ብቻ።

መልእክቱ ይደርሰኛል። ሥራ ልብስ ስለብስ፣ ስልኬን ቁም ሣጥን ውስጥ ከመቆለፌ በፊት፣ ጢን ይላል። «ደህና አድሬያለሁ።» የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ሽቦ ስፈትሽ የምይዘው ያቺን ቃል ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «እናትህ ዛሬስ አደሩ?» ማለት ለምደዋል። የእኔ ስልክ ባትሪው ሲደክም ወስጄ ብጠይቅ «ተለጥፏል፣ አዲስ ግዛ» አሉኝ። የእናቴን ሳስብ ቀናሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ላድርግህ ብሎኛል። ጉድጓድ መውረድ ቀርቶ ቢሮ መቀመጥ ማለት ነው። ውሉ ግን ሁለት ዓመት እረፍት የለውም፤ አገር ቤት መምጣት አይታሰብም። እስከ ጥር አጋማሽ መልስ ስጥ ተብያለሁ።

እናቴ ደህና ከሆነች እፈርማለሁ። ካልሆነች አልፈርምም፤ እመጣለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ሂሳብ የለውም። ስጠይቃት «ደህና ነኝ የኔ ጌታ» ትለኛለች፤ ግን በሥራ ድምፅዋ ነው የምትለኝ። አንቺ አታውቂውም፤ አለቃዋ ሲሰድባት ውሎ እንኳ መስመር ላይ ስትገባ ያ ድምፅ እንደ መስታወት ነበር። ስለዚህ አንቺን እጠይቃለሁ። እንዴት ናት? ደግሞ ሰሞኑን በቪዲዮ ስደውል የእናንተ በኩል ጨለማ የሆነው ለምንድን ነው?

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ለተከበሩ ጋሼ፣

ከብዙ የአክብሮት ሰላምታ ጋር ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። መልሱ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ቪዲዮው የካሜራው ጣጣ ነው። ትንሽ ተበላሽቷል። አንዳንዴ ይላቀቃል፣ እንዲህ ያለ ስልክ ላይ ያጋጥማል። እዚህ ደግሞ መለዋወጫው አይገኝም። ደግሞ የእርስዎስ ቢሆን! እኛ የምናየው ጣሪያዎን ነው። ጣሪያዎን በደንብ አውቀነዋል፤ ጥግ ላይ ያለውን ሸረሪት ሰላም ይበሉልን።

ስለ ስልኩ ደስታዬን ብቻ ጽፌልዎ ነበር፤ አሁን ጣጣውንም ልንገርዎ። የውስጡን ሲስተም ከቀየርኩ ወዲህ የባንኩ አፕ «በዚህ ስልክ አልከፍትም» ብሎ አኩርፏል። ዋስትናውም ቀርቷል። ባለፈው ማሻሻያ መጣ ብሎ ሌሊቱን ራሱን ሲጭን አድሮ፣ የሠራሁትን ሁሉ ወደ ነበረበት መለሰው፤ እማማ ጠዋት ቢነኩት የማያውቁት ሰው ስልክ ሆኖባቸዋል። እንደገና ከሥር ጀመርኩ። ስፒከሩ ሲያንቋርር ደግሞ ወደ ሰፈራችን ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሁለቴ አገላብጦ መለሰልኝ። «እህቴ፣ ይሄ የሚያውቀው አንቺን ብቻ ነው። አንቺ ብትታመሚ ማን ያክመዋል?» አለኝ። ሳቅኩበት። ግን ቃሉ እስከ ቤት ተከተለኝ።

ኮንትራት የእማማን ባትሪ አይቶ ቀንቷል። የራሱ ስልክ ሁሌ ሞቶ ነው የሚገኘው። «ለእኔም ሆዱን ክፈቺልኝ» ይላል፤ «ያንተ በሙጫ ነው» ስለው «እንደኔ ዕድል» ይላል።

ሰዓት የሚናገረውማ አዋረደን። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ እማማ ቁልፉን በክንዳቸው ተጭነውት የእኔ ድምፅ ከጉያቸው «አራት ሰዓት ሆኗል!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ሽማግሌ «ልጅቷ የት ገባች?» ብለው ከወንበሩ ሥር ፈለጉኝ።

ስለ እማማ ይህን ያህል ነው። ይበላሉ፣ ይስቃሉ። ውሉ ጥሩ ይመስላል።

በጤና ያቆይልን።

መፍቻ


ታኅሣሥ 8

መፍቻ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ሐኪም ቤት ማን ታሞ ነው የሄዳችሁት? ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለቀልድ ስትጣደፊ ነው ያመለጠሽ። በስልክ ብጠይቃት «ጎረቤት ልጠይቅ ሄጄ ነው» አለችኝ፤ በዚያ ድምፅ።

የካሜራውን መለዋወጫ ገዝቼ ልኬያለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ሰው ባለቤት ወደዚያ ትመጣለች፤ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ሁለት ብሎን ነው ብለሽኛል። እሷ ቁጭ ብላ ቡና ሳይሆን ውኃ ጠጥታ ሳትጨርስ ይገባል ማለት ነው። አስገቢውና እናቴን አሳዪኝ።

ዘፈንና ቀልድ አልፈልግም። ሰው ፊት ማየት ነው የምፈልገው። ቀኑ እየደረሰ ነው።

ጽሑፌን ታገሺው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 29

ይድረስ ለልጄ፣

እኔ እናትህ በእግዚአብሔር ቸርነት ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ደህና ነኝ። አንተስ እንዴት ነህ? ይህን የምትጽፍልህ መፍቻ ናት፤ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። ከእኔ ቃል ውጪ እንዳትጨምር ብዕሩን እየሰማሁ ነው፤ እስካሁን አንድም አልጨመረችም። ሲያልቅም መልሳ ታነብልኛለች።

ካሜራውን የሰጠችን ሴት ቆንጆ ሴት ናት፤ እናመሰግናለን። ብሎኑ ግን አልገባ ብሏል። ለጊዜው ይቆይ።

ልጄ፣ ፈርም። ዕድል ሁለቴ አያንኳኳም ብዬ አልሰብክህም፤ ግን ከዚያ ጉድጓድ ውጣልኝ። አንተ ጨለማ ውስጥ ተንጠልጥለህ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ቢሮ ተቀመጥ። ሁለት ዓመት እንደ ዋዛ ያልፋል። እኔ የትም አልሄድም። ጠዋት ጠዋት ደህና አድሬያለሁ ይልህ የለ? እሱን እመን።

ምርቃቴ አይለይህ። ካሰብክበት ያድርስህ፣ ከክፉ ይሰውርህ።

እናትህ


ጥር 17

ጋሼ፣

ሰላምታውን ልለፈው። ከትናንት በስቲያ ማታ በስልክ «ትንሽ አዳልጧቸው እጃቸው ተጎድቷል» ያልኩዎት ግማሹ ነው። እማማ አጠገቤ ነበሩ። እርስዎም «እሺ» ብለው ዘጉት። ሌላውን ግማሽ ይኸው።

እማማ አያዩም። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ የዓይን ሞራ ወጥቷል። በበጋው መጀመሪያ ብርሃንና ጥላ ይለዩ ነበር፤ አሁን የመስኮቱን ቦታ የሚያውቁት በሙቀቱ ነው። ሐኪሙ «በቀዶ ሕክምና ይጸዳል፣ ቶሎ ይምጡ» ብሎ ቀን ሰጥቶ ነበር። እማማ ቀኑን ገፉት። «ልጄ ይፈርም፣ ከዚያ እገባለሁ። ዛሬ ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» አሉ። ካሜራውን ያስወጡኝም እሳቸው ናቸው። አልተበላሸም፤ በገዛ እጄ ፈትቼ የልብስ ስፌት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት። ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ ስለማያውቁ በቪዲዮ ከታዩ እንደሚነቃባቸው ገብቷቸዋል። የላኩትም አዲሱ ካሜራ ይገባል፤ እኔ ነኝ ያላስገባሁት። ያን ደብዳቤ ሲያጽፉኝ በመሃል እውነቱን ላስገባ ብዕሬን አቆምኩ። «ለምን ቆምሽ?» አሉ። ቀጠልኩ። ልጨምር ብዬ መጻፌ ረዘም ሲል «እኔ ይህን ያህል አልተናገርኩም» አሉ። እንደ ድሮው መስመር የሚያዳምጡ ነበር የሚመስሉት። ተሸነፍኩ።

የእሳቸውን ብቻ እንዳላወራ፣ የራሴም አለበት። ስልኩ ሠርቷል እንዲባል እፈልግ ነበር። እማማ ታመዋል ካልኩ «ደህና አድሬያለሁ» የሚለው ምን ሊባል ነው? የመዋያው ኃላፊ ምን ልትል ነው? እያልኩ ነበር።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት መዋያው ውስጥ ስልኩን የማስረዳበት ቀን ነበር። እማማ ተኝተው ትቻቸው በማለዳ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ፣ ነርሶቹ፣ ኃላፊዋ ተሰብስበዋል። የእኔን ስልክ ድምፁን አጥፍቼ ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ። እየተናገርኩ ሳለ በራ። «ደህና አድሬያለሁ።» ከዚህ በላይ ምን ልመኝ! አንሥቼ ለሁሉም አሳየሁ፤ «ይኸው! አያቴ አሁን ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ስልካቸውን አነሡ» አልኩ። አጨበጨቡ። እንደገና በራ፤ ያንኑ ቃል። «ዛሬ በጣም ደህና ናቸው ማለት ነው» ብዬ አሳቅኳቸው።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ እማማ ኩሽና በር ላይ ወድቀው ነበር። ትቼው የወጣሁት ባልዲ ነው የጣላቸው። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰብሯል። ሲጣሩ ኮንትራት ሰምቶ ገባ። የራሱ ስልክ እንደ ልማዱ ሞቷል። የእማማን ከመቆሚያው ብድግ አደረገው፤ ስልኩ ደግሞ ያነሣው ማን እንደሆነ በምን ያውቃል? ደህና አድሬያለሁ አለ። ኮንትራት አምቡላንስ ልጥራ ቢል ቁጥር የለም። ታችኛውን ነካ፤ እኔ እየተጨበጨበልኝ ሳላየው ቀረሁ። መልሶ አስቀምጦ እማማን ቀና አደረገ፣ እንደገና አነሣው፤ ደህና አድሬያለሁ። የእማማን እጅ ሊደግፍ መልሶ አስቀመጠው። ለሦስተኛ ጊዜ አነሣው፤ ቁጥር መጻፊያ ሲፈልግ ቆይቶ ላይኛውን ነካ፣ እርስዎም አላነሡም። «ይሄ ስልክ ነው መስታወት?» እያለ ሲጮህ እማማ መሬት ላይ ሆነው «አትሳደብ፣ የልጅቷ ሥራ ነው» ብለውታል። በመጨረሻ ተሸክሞ ታክሲው ውስጥ አስገባቸው። ያን ቀን ደግሞ ታክሲው ሳይገፋ በአንዴ በቁልፉ ተነሣ።

ለእማማ ልክ አድርጌ ስሠራው ለሌላ ሰው እጅ የሚሆን ቦታ አልተውኩም። ጠጋኙ ነግሮኝ ሳቅኩበት።

ልጠይቅዎ የምፈራው አንድ ነገር ነው። ፈርመዋል?

መፍቻ


የካቲት 6

መፍቻ፣

ደህና ነኝ አልልሽም።

ፈርሜያለሁ። ያን ዕለት ጠዋት።

የእናቴ ደብዳቤ ከደረሰኝ ወዲህ ጥርጣሬ ይዞኝ ነበር። «ብዕሩን እየሰማሁ ነው» የሚለው ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ። ሰው አጠገቡ የሚጻፍ ወረቀት ያያል እንጂ ለምን ይሰማል? እያልኩ ሰነበትኩ። የዚያን ዕለት የውሉን ወረቀት ይዤ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቁጭ ብዬ ነበር። አልፈርምም ልል ነበር መሰለኝ። ጢን አለ። ደህና አድሬያለሁ። ጢን አለ፣ እንደገና። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ባልደረባዬ «እናትህ ዛሬ ሦስቴ ነው እንዴ ያደሩት?» አለኝና ሁላችንም ሳቅን። ጥርጣሬዬን ስልኩ አስተኛልኝ። ስልኬን ቆልፌ ቢሮ ገብቼ ፈረምኩ። ስወጣ ያልተነሣ ጥሪ አየሁ፤ ልትመርቀኝ ነው የደወለችው ብዬ ደስ አለኝ።

ውሉን ማፍረስ እችል እንደሆነ ጠየቅኩ። ካፈረስኩ ተመልሼ ጉድጓድ መውረድ አለብኝ ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ለእኔ ከእንግዲህ — እሱ አይሆንም። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ።

ተናድጄብሽ ሰነበትኩ። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የቀድሞ ደብዳቤዎችሽንም የራሴንም እያስታወስኩ ሳስበው ግን አንድ ነገር አየሁ። ሁላችንም ስንጀምር ደህና ነኝ፣ ደህና ነን እንላለን። ማንም ሳይጠይቀን፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳናይ፣ እጃችን ወረቀት ሲነካ ራሱ ይጽፈዋል። ያንቺ ስልክ ይህን ከየት ተማረ? ከእኛው ነው።

ያን መልእክት ንቀይው። በምንም አትተኪው። እናቴ ስትፈልግ ትደውል፤ ካልደወለች ዝም ይበል። ዝም ሲል እጨነቃለሁ። ልጨነቅ! ጭንቀቱ የእኔ ድርሻ ነው፤ እዚህ ሆኜ የእናቴ ብዬ የምይዘው እሱ ብቻ ነው፣ አትቀሙኝ።

ስልኩን ስለላክሁልሽ አልቆጭም፤ አንቺም መፍታትሽን አትተዪ። ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና አስገቢያት። ካሜራውን አስገቢው።

አጎትሽ


መጋቢት 11

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ትናንት ስልኩን ከዘጉብን በኋላ በዚህ በኩል የሆነውን ስላላዩ ነው።

በቅድሚያ የስልኩን። መልእክቱን ነቅየዋለሁ። የቁጥሩን ገጽ መልሻለሁ። ከሁለቱ ግማሾች ሥር ቀይ መስመር አለ፤ ማንም ሰው፣ እማማን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቢሆን፣ ሲነካው ሰው እስኪያነሣ ድረስ ተራ በተራ ይደውላል፤ እኔ ጋ፣ ኮንትራት ጋ፣ አምቡላንስ ጋ። ኮንትራት ዓይኑን ተሸፍኖ ሞክሮታል። መዋያው ሄጄም ያን ዕለት ያጨበጨቡለት መልእክት ምን እንደነበረ ተናገርኩ። ኃላፊዋም «አሁን ያልሽውን ስልኩ ላይ ጨርሰሽ ተመለሺ» አለችኝ። ተመለሺ ማለቷ በቂዬ ነው።

አሁን የትናንቱን። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ከተነሣ ወዲህ እማማ ቤቱን ሲሰድቡት ነው የሰነበቱት። «ይህ መጋረጃ እንዲህ ቆሽሾ ነው እንግዳ ስቀበል የኖርኩት?» አሉ። እኔን አይተው «ከስተሻል» አሉ። ካሜራውን ራሳቸው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስገባሁት፤ ሁለቱን ብሎን በዓይናቸው ቆጠሩልኝ። ከዚያ ላይኛውን ግማሽ ራሳቸው ነኩ።

ጣሪያዎ መጣ። «ዝቅ አድርገው» አሉ። ፊትዎ መጣ። እማማ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ሸብተሃል» አሉ፣ እርስዎም ሳቁ፤ ደስ የሚል ነበር፣ ጋሼ። ኮንትራት በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርግ ነበር። «እስቲ እጅህን አውለብልብልኝ» ሲሉ የግራዎን አነሡ። «ቀኝህ የት ሄደ?» አሉ። «ሥራ ይዟል» አሉ እርስዎ። በምን ድምፅ እንዳሉት ያውቃሉ? በእማማ የሥራ ድምፅ። እኔ እንኳ ለየሁት። እማማ «አሳየኝ» ሲሉ ስክሪኑ ጨለመ።

ጽሑፍዎ ለምን እንደተጣመመ ያኔ ነው የገባኝ። በግራ እጅ ስለሚጽፉ እንጂ ጉልበትዎ ላይ ስለሚጽፉ አይደለም። ጉድጓድ መውረድ ለምን «አይሆንም» እንዳሉም ገባኝ። ፊት ማየት ነው የምፈልገው ብለው ሲቆጡኝ የነበረው እኮ ራስዎ ጣሪያ እያሳዩን ነበር።

እማማ አልጮሁም። ስልኩን መቆሚያው ላይ አልመለሱትም። በጀሶው እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውት ቆዩ፤ እራት ሳቀርብም እንደዚያው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ጠሩኝና «ብዕር አምጪ» አሉ። «እንደ ባለፈው ልክ ያልኩትን ነው? ወይስ ልጨምር?» አልኳቸው።

«የፈለግሽውን ጨምሪ። አሁን አያለሁ» አሉ።

ጨምሬያለሁ፤ እስከዚህ ያለው የእኔ ነው። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ነው፤ እየተናገሩ ሳለ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው እያነበቡ ነው።

ልጄ፣ ዓይኔን ደብቄህ ነበር፤ ይኸው አየኸው። አንተም ቀኝ እጅህን አሳየኝ። ሙሉ ይሁን ጎዶሎ፣ ሆዴ ውስጥ የተሠራ እጅ ነው፤ አልደነግጥበትም። ስትደውል ደህና ነኝ ብለህ አትጀምር። እኔም አልጀምርም። ትናንት የዘጋኸው አንተ ነህ፤ እኔ አልዘጋሁም። ስልኩ እጄ ላይ ነው። ተገናኝተናል፤ ቀጥል።